የተንጠለጠለ ክር አይጎተትም፣ አይለበለብም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ የጣና ዳር ማለዳ ይቀዘቅዛል። ጋቢው ከሣጥን ይወጣል፤ ገበያ ላይም ጋቢ፣ ቡሉኮና ድርብርብ አልጋ ልብስ ይፈለጋል። ይህን የምንጽፍላችሁ ባሕር ዳር ውስጥ በስፌትና በሽመና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ጉዳያችን ከልብስ ላይ የሚንጠለጠለው፣ በስስ ጨርቅ ሥር የሚያጠላው፣ ጥቁር ቀሚስ ላይ የሚለጠፈው ትርፍ ክር ነው። ሻጭ በገዢ ፊት ክሩን በጥርሱ ይበጥሰዋል። ገዢ ቤቱ ወስዶ በላይተር ይለበልበዋል። አንዳንዱም ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ይስበዋል። ከሁለትና ከሦስት እጥበት በኋላ ስፌቱ አፉን ሲከፍት፣ ጋቢው ላይም ቀጭን መስመር ሲወጣ "ጨርቁ ደካማ ነው" ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁ ደህና ነበር፤ ያበላሸው ክሩ የተነሳበት መንገድ ነው።

አስቀድመን ስለ አንድ ቃል እንናገር። ድሪቶ ሲባል ብዙ ሰው ያፍራል፤ ካለቀ ልብስ ተደራርቶ የሚሰፋ የችግር ልብስ ስለነበረ ነው። እዚህ ድሪቶ የምንለው ፊቱ ከሰፊ ቤት ቁርጥራጭ የተቀጣጠለ፣ መሐሉ ጥጥ ወይም ፋይበር የገባበት፣ ጀርባው በአቡጀዲ የተገበረ፣ ሦስቱም ንብርብር በላያቸው ላይ በሚሄድ ስፌት የተያዙ አልጋ ልብስ ነው። በደንብ ሲሠራ ከውጭ ከሚመጣው ኮምፈርት የማያንስ ነገር ስለሆነ ስሙን በክብር እንጠራዋለን።

ክሩን ከማንሳት በፊት ከየት እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል። ስፌት ሲጀመርና ሲያልቅ የሚቀረው የመስፊያ ክር ጭራ አንድ ነገር ነው። ከተቆረጠ ጨርቅ ጠርዝ ተተርትሮ የሚወጣው የድር (የቁመት) ወይም የማግ (የወርድ) ክር ሌላ ነው። ከየትም መጥቶ ላዩ ላይ የተለጠፈ ብናኝ አለ። አራተኛው፣ ሁሉም የሚሳሳትበት፣ የጨርቁ የራሱ አካል ሆኖ ሳለ እሾህ ወይም ጥፍር ስቦት ቀለበት ሠርቶ ብቅ ያለው ክር ነው። የመጀመሪያው ይቆረጣል ወይም ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀበራል፤ ሁለተኛው ይቆረጣል፤ ሦስተኛው ይለቀማል፤ አራተኛው ግን ወደ ቦታው ይመለሳል እንጂ አይቆረጥም፣ አይጎተትም። ሰዎች ጋቢያቸውን የሚያበላሹት አራተኛውን እንደ መጀመሪያው ስለሚቆጥሩት ነው።

የሥራውን ብዛት ለማየት አንድ ድሪቶ እንቁጠር። ስፋቱ 1 ሜትር ከ50፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ተሰፍቶ ሲያልቅ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ይህ 10 በ12፣ ማለትም 120 ቁራጭ ነው። በአንድ ረድፍ 10 ቁራጭ ለማያያዝ 9 ስፌት ይፈጃል፤ ለ12 ረድፍ 108። ረድፎቹን እርስ በርስ ለመግጠም ደግሞ 11 ረጅም ስፌት ይጨመራል። በድምሩ 119 ነው። እያንዳንዱ ስፌት መነሻው ላይ ሁለት፣ መድረሻው ላይ ሁለት ጭራ ይተዋል፤ አንዱ የላይኛው፣ አንዱ የታችኛው ክር ነው። 119 ጊዜ 4፣ 476 ጭራ። እያንዳንዱን አይቶ ለመቁረጥ አምስት ሰከንድ ቢፈጅ 40 ደቂቃ ሊሞላ ነው፤ ከጠርዝ የሚተረተረው ገና አልተቆጠረም። ሰፊው ዋጋ ሲናገር ይህችን 40 ደቂቃ አያስባትም፤ ደንበኛውም አይከፍልባትም። ክሩ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ የሚጀምረው ከመቀሱ ሳይሆን ከማሽኑ ነው። ሁለት ቁራጭ ሰፍቶ፣ ክሩን ቆርጦ፣ ሌላ ሁለት ከማንሳት ይልቅ የመጀመሪያው ጥንድ ጨርቁን ከሚጫነው የማሽኑ እግር ሥር ሲወጣ ሳይቆርጡ ቀጣዩን ጥንድ ማስከተል ይቻላል። ጥንዶቹ እንደ ጨሌ በክር ተያይዘው ይወጣሉ፤ በመካከላቸው የምትቀረው አንድ ሳንቲ ሜትር የምትሆን የተገመደች ክር አንዴ ትቆረጣለች፣ ጭራም አይኖርም። መነሻውና መድረሻው ላይ ደግሞ ሁለት ጣት የምታህል ውራጅ ጨርቅ አስቀድሞ ሰፍቶ ከእሷ ወደ ሥራው ማለፍ ነው። ረጅሙ ጭራ ውራጇ ላይ ይቀራል። ይህቺው ውራጅ ሌላም ጥቅም አላት፦ ስፌት ሲጀመር ከሥር ክሩ ተጠላልፎ ጎጆ የሚሠራው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጥልፎች ላይ ስለሆነ፣ ጎጆው ቢሠራም በውራጇ ላይ ይሠራል። ውራጅ ከሌለ ሁለቱን ጭራዎች ወደ ኋላ ይዞ ሦስት ጥልፍ እስኪሄድ አለመልቀቅ በቂ ነው። ጎጆው ከቀጠለ ግን ብዙውን ጊዜ የላይኛው ክር የገባው የማሽኑ እግር ዝቅ እንዳለ ነው ማለት ነው፤ እግሩ ዝቅ ሲል ክሩን የሚወጥሩት ሁለት ትንንሽ ሳህኖች ስለሚገጥሙ ክሩ በመካከላቸው አያልፍም። እግሩን አንሥቶ እንደገና ማስገባት ነው።

ጠርዝ የሚተረተረው ክር ጥፋቱ ሁለት ነው፤ ወይ ጨርቁ ሳሳ ብሎ የተሸመነ ነው፣ ወይ ከመሰፋቱ በፊት ታጥቧል። ያልተሰፋ ቁራጭ መታጠብ የለበትም። መታጠብ ካለበት ሳይቆራረጥ ጣቃው በሙሉ ይታጠብ፤ አስቀድሞም አራቱም ማዕዘን ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ይቆረጥ። ሹል ማዕዘን ነው ክር መልቀቅ የሚጀምረው፤ ሰያፍ ሲሆን ይቀንሳል። ትንንሽ ቁርጥራጭ የግድ መታጠብ ካለበት ትራስ ልብስ ውስጥ ከትቶ አፉን አስሮ በእጅ መጭመቅ እንጂ ማሸት አይገባም። በዚግዛግ መቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ይረዳል፤ ግን ልኩን ለመጠበቅ ስለሚያስቸግር ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ለሚሰፋ ቁራጭ አንመክረውም። ለገበር ወይም ለትራስ ጠርዙን በክር የሚሸፍነው የኦቨርሎክ ስፌት ከሁሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ትንሽ መቀስ ነው፤ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጫፉ የሾለ። ጫፉ መቁረጡን ለማወቅ አንድ የጥጥ ክር ወጥሮ በጫፉ ብቻ መንካት ነው። ክሩ በሁለቱ ስለት መካከል ከታጠፈ ወይ ስለቱ ደንዝዟል፣ ወይ ብሎኑ ላልቷል፤ ብዙውን ጊዜ ብሎኑ ነው፣ ሩብ ዙር ማጥበቅ ያድነዋል። ቀለበት የሌለው፣ በመዳፍ ተጨብጦ ሲለቁት በራሱ የሚከፈተው የክር መቁረጫ ደግሞ ብዙ ጭራ ላለበት ሥራ ይሻላል፤ ጣት ማስገባትና ማውጣት ስለሌለበት እጅ አይደክምም። ያም ሆነ ይህ በዚህ መቀስ ወረቀት አይቆረጥበት።

ምላጭ ግን ከእጃችን ይራቅ። ብዙ ሰፊ ቤት ስፌት የሚፈታው በምላጭ ነው፤ ለተለማመደ እጅ ፈጣን መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ምላጭ ክርና ጨርቅን አይለይም፤ ወጥሮ የተያዘ ጨርቅ ላይ ጫፉ ሲነካ ሦስት አራት የድር ክር አብሮ ይሄዳል፣ ያ ቀዳዳ የሚታየውም ከታጠበ በኋላ ነው። በምላጩ ፈንታ የሚያዘው ስፌት መፍቻ ሹካ መሰል አፍ ያለው ሆኖ በአንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀይ ኳስ አለችው። ኳሷ ወደ ጨርቁ ሆና ስትገፋ ከስር ያለውን ጨርቅ ትጠብቃለች። በአንድ ጎን በየሦስትና በየአራት ጥልፉ አንዴ እየቆረጡ ሄደው በሌላው ጎን ያለውን ክር ቢስቡት በአንድ ጊዜ ወጥቶ ያልቃል። ያኔ የሚቀሩት ጥቃቅን ቁራጮች በተቆረጠው ጎን ናቸው።

እነዚህን ጥቃቅኖች በጥፍር መልቀም ጊዜ ይበላል። ወረንጦ ለእሾህ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ጫፉ በትክክል የሚገጥም ወረንጦ ለዚህ ሥራ ከሁሉም ይሻላል። ግጥሙን ለማየት ሁለቱን ጫፎች ጠበቅ አድርጎ ወደ ብርሃን መመልከት ነው፤ ክፍተት ከታየ በለሰለሰ ሞረድ ወይም በደረቅ ድንጋይ ላይ በቀስታ ይሳላል። ብዙ ቁራጭ በአንድ መስመር ሲኖር ነጭ ላጲስ አምጥቶ በስፌቱ መስመር ላይ በአጭር በአጭሩ ማሸት ነው፤ ክሮቹ ተጠቅልለው ይነሳሉ። ባለ ቀለም ላጲስ ነጭ ጨርቅ ላይ ቀለሙን ስለሚተው አይሆንም። ፀጉርን ወይም ጺምን በሚቆርጠው ማሽን የሚሞክሩም አሉ፤ በጠንካራ ጂንስ ላይ ይሠራል፣ በፈትል ላይ ግን ጨርቁን ይበላል።

ጭራ ስንቆርጥ ምን ያህል እናስቀር? የስፌቱ ጫፍ በኋላ በሌላ ስፌት የሚታለፍበት ከሆነ፣ ለምሳሌ የድሪቶው ረድፎች ሲገጣጠሙ፣ ጭራው በጨርቁ ጠርዝ ልክ ይቆረጣል፤ የሚያልፍበት ስፌት ስለሚይዘው አይፈታም። ማሽኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ያጠበቀው ጫፍ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ማሽኑ ያላጠበቀውና ሌላ ስፌትም የማያልፍበት ጫፍ ግን በመቀስ አይጨረስም፤ ከዚያ ነው ስፌት አፉን የሚከፍተው። ጎትቶ መበጠስ ደግሞ ከመቁረጥም ይብሳል፤ ክሩ ሲወጠር የመጨረሻዎቹን ጥልፎች ሰብስቦ ያላላቸዋል።

በድሪቶው ፊት መሐል ላይ የሚያበቃ ስፌት ሁልጊዜ ይቀበራል። ሲጀመርም ሲያልቅም 15 ሳንቲ ሜትር ጭራ ይተው። የላይኛውን ጭራ ትንሽ ሳብ ሲያደርጉት የታችኛው ክር ቀለበት ሆኖ ብቅ ይላል፤ በመርፌ ጫፍ አውጥቶ ሁለቱን ከላይ ማገናኘት፣ ከጨርቁ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ መቋጠር። ከዚያ ሁለቱንም በአንድ መርፌ አስገብቶ ስፌቱ ባለቀበት ቀዳዳ ወደ ጥጡ ብቻ መዝለቅ፣ እስከ ገበሩ አለመውጣት፤ በጥጡ ውስጥ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ሄዶ ከላይ ብቅ ማለት። ቀስ ብሎ ሲሳብ ቋጠሮዋ "ጠብ" ብላ ወደ ውስጥ ትገባለች። የቀረው ጭራ ወጠር ተደርጎ ጨርቁ ጋ ሲቆረጥ ጫፉ ተመልሶ ይሸሸጋል። ቋጠሮዋ አልገባ ካለች ትልቅ ስለሆነች ነው፤ ቀዳዳዋን በመርፌ ጫፍ ፈልቀቅ ማድረግ ይበቃል፣ በጉልበት ከተሳበች ክሩ ይበጠሳል።

ጭራው አጥሮ መርፌ ውስጥ የማይገባ ሲሆንስ? ይህ ሁልጊዜ ያጋጥማል። ሌላ ቀጭን ክር ለሁለት አጥፎ ሁለቱን ጫፎች በመርፌው ዓይን ማሳለፍ ነው፤ ከመርፌው ወዲህ ቀለበት ይቀራል። መርፌው ጭራው ባለበት ቀዳዳ ወደ ጥጡ ገብቶ ራቅ ብሎ ይወጣል፤ ቀለበቷ ልትገባ ስትል አጭሩ ጭራ በውስጧ ይደረጋል፤ ከዚያ መርፌውን ስንስብ ቀለበቷ ጭራውን ይዛ ትገባለች። አንድ ሳንቲ ሜትር ጭራ ካለ ይበቃል። ምንም የሚገዛ ነገር የለውም።

በጣም የሚያበሳጨው ግን በነጭ ወይም በቢጫ ቁራጭ ሥር ታስሮ የቀረ ጥቁር ክር ነው። ድሪቶው ሲዘረጋ እንደ ቁስል ጠባሳ ያጠላል። ይህ መከላከል የሚቻለው ሦስቱ ንብርብሮች ከመያዛቸው በፊት ብቻ ነው፤ ፊቱን በመስኮት ላይ ዘርግቶ ብርሃን ከጀርባው እንዲመጣ አድርጎ ማየት፣ ያጠላውን ሁሉ ከኋላ ማንሳት፣ ስፌቱንም ሲተኩሱ ወደ ጥቁሩ ቁራጭ በኩል ማጠፍ። ካውያ ከመነካቱ በፊት ክሩ ይነሳ፤ በክር ላይ የተተኮሰ ጨርቅ የክሩን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፣ ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ ያብረቀርቃል።

ከተያዘ በኋላ የታየ እንደሆነ በቀጭን ኪሮሽ ይወጣል። 0.6 ወይም 0.75 ሚሊ ሜትር የሚባለው የዳንቴል ኪሮሽ ነው የሚያስፈልገው፤ የሹራቡ ወፍራም ነው። የክሩን አንድ ጫፍ በጣት ዳብሶ ማግኘት፣ በዚያ ላይ የመርፌ ጫፍ አስገብቶ ድርና ማጉን ፈልቀቅ ማድረግ፣ ኪሮሹን በክፍተቱ አስገብቶ ክሩን መቆንጠጥና ቀስ ብሎ ማውጣት። መሐሉን ከያዙት ለሁለት ታጥፎ ስለሚወፍር ቀዳዳውን ያሰፋል፤ ጫፉን መያዝ ነው። ከወጣ በኋላ ቀዳዳውን በጥፍር ጀርባ በአራቱም አቅጣጫ አሸት አሸት ቢያደርጉት ይዘጋል፣ የውኃ ጠብታ ይረዳዋል። ይህ ለጥጥ ጨርቅ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ፖሊስተር ላይ ቀዳዳው አይዘጋም፤ ጥላው ቢታገሡት ይሻላል።

ስለ ጋቢ ለብቻው መናገር ይገባል፤ እንደ ድሪቶ አይታይምና። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ነጠላ ሁለት። ፈትሉ በእንዝርት ስለሚፈተል እዚህም እዚያም ወፈር ያለ ቦታ ይኖረዋል፤ ያ እንከን አይደለም፣ አይነካም። ሸማኔው ድር ሲበጠስበት የቋጠራት ቋጠሮም አለች። ቋጠሮዋን "ትርፍ ክር" ብሎ የቆረጠ ሰው ድሩን ቆረጠ ማለት ነው፤ ቦታው በመጀመሪያው እጥበት ቀዳዳ ይሆናል። ከቋጠሮዋ የተረፈው ጭራ ብቻ ወደ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያጥር፣ ቋጠሮዋ በመርፌ ወደ ውስጠኛው ድርብ ትገፋ።

እሾህ፣ የአልጋ ስንጥር፣ የአምባር ጠርዝ ወይም የድመት ጥፍር የሳበው ክር ቀለበት ሆኖ ሲወጣ፣ ግራና ቀኙ የተሰበሰበ መስመር ይታያል። መስመሩ በቁመት ከሆነ የተሳበው ድር ነው፤ በወርድ ከሆነ ማግ። ጫፉ ደብዘዝ ያለ መርፌ ይያዝ፤ ሹል መርፌ ክሩን ይሰነጥቀዋል። ከቀለበቱ አጠገብ ካለው መገናኛ ጀምሮ ትርፉን ወደሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው እያሻገሩ በሁለቱም አቅጣጫ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ድረስ ማከፋፈል ነው። ቀለበቱ ሲያልቅ ጨርቁን በሰያፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ ለቀቅ ማድረግ፣ ውኃ ረጨት አድርጎ ዘርግቶ ማድረቅ። ቀለበቱን ወደ ኋላ ወግቶ መደበቅ ፈጣን መንገድ ነው፤ ግን የተሰበሰበው መስመር አይቃናም፣ ቀለበቱም ተመልሶ ይወጣል።

ክሩ ከተበጠሰ ተመሳሳይ ፈትል ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ጋቢ ስታሠሩ ከልቃቂቱ አምስት ሜትር ያህል ተቆርጦ እንዲሰጣችሁ የምንመክረው፤ የፋብሪካ ክር ለፈትል ቀዳዳ ሲገባ ቀለሙም ውፍረቱም ያሳብቃል። አዲሱ ክር ከተበጠሰው ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ወደኋላ ጀምሮ፣ የቀድሞውን መንገድ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየተከተለ፣ ከወዲያኛውም ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይገባል። ጭራዎቹ ወዲያው አይቆረጡም። አንዴ ታጥቦ ጨርቁ ሲሰበሰብ ክሩም ቦታውን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ በ3 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል።

ጫፉ ላይ የሚንዘረፈፈው የጋቢው ዘርፍ ነገር አጭር ነው። ሳይቋጭ የቀረ የድር ጫፍ ካለ አብሮት ካለው ዘለላ ጋር በእርጥብ ጣት ተገምዶ ይቋጭ እንጂ አይቆረጥ። ዘርፉን ማስተካከል ያለበት ታጥቦ፣ ተንጠልጥሎ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ከመታጠቡ በፊት የተስተካከለ ዘርፍ ሲታጠብ ይዛነፋል።

ላዩ ላይ የሚለጠፈው ብናኝ በበጋ ይብሳል፤ ምክንያቱም አለው። ጥጥ በተለመደ አየር ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። እርጥበት የሌለው ጨርቅ ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፣ ክርና አቧራ ይስባል። ጥጥ የተሞላ፣ ፊቱ ፖሊስተር የሆነ አልጋ ልብስ በየካቲትና በመጋቢት ስታራግፉት ክሩ ተመልሶ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ማራገፍ አይጠቅምም። የጎማ ጓንት በውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደ ራስ መጥረግ ይሻላል፤ ክሮቹ ተጠቅልለው ጠርዝ ላይ ይሰበሰባሉ። ወዲያና ወዲህ ማሸት ግን መልሶ ይበትናቸዋል። ስኮች ፕላስተር ፀጉር ለሌለው ለስላሳ ጨርቅ ይሆናል፦ የሚያጣብቀው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ አራት ጣት ላይ ይጠምጠም፣ ይጫን፣ ይነሣ፤ አይጎተት። ለካርቶን የሚሆነው ቡናማው ስኮች ሙጫው ጠንካራ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከቆየ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ጋቢ ላይ ጓንትም ስኮችም አይሆንም። ጓንቱ ለስላሳውን ፀጉር አጣብቆ ያንከባልለዋል፣ ስኮቹ ከክሩ ጋር ጥጡንም ይነቅላል። ጋቢ በወረንጦ፣ ወይም በለስላሳ የልብስ ብሩሽ በድሩ አቅጣጫ ነው።

ማስጫውም መታሰብ አለበት። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ገመድ ላይ ያለ ጋቢን ከግንብና ከሽቦ ጋር ያፋትገዋል፤ በእሾህ አጥር ላይ የተሰጣማ የሚወጣው በቀለበት ተሞልቶ ነው። ጠዋት በለስላሳ ገመድ ላይ፣ ሁለት ቦታ ቆንጥጦ ማስጣት ይበቃል።

ላይተሩን ወደ መጨረሻ ያስቀመጥነው በቁጣ ስለምናነሣው ነው። የጥጥ ክር ሲነካው ይቃጠላል፣ ነጭ ልብስ ላይ ቡናማ ነጥብ ይተዋል፤ የጋቢ ለስላሳ ፀጉር እሳቱን ከክሩ ወደ ጨርቁ በቅጽበት ሊያሻግረው ይችላል። ፖሊስተር ክር በ250 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጥና እንደ አሸዋ የጠነከረች ኳስ ይሆናል። አልጋ ልብስ ላይ ያለች እንዲህ ያለች ኳስ ሌሊቱን ሙሉ ቆዳ ትፍቃለች፣ አጠገቧ ያለውንም ጨርቅ ትስባለች። እሳት የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ። ከልብሱ የተቆረጠ ቁራጭ ክር ራቅ ብሎ በወረንጦ ተይዞ ይለኮስ። እንደ ወረቀት ሸትቶ ግራጫ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ጠንካራ ኳስ ከሆነ ፖሊስተር።

የሕፃን መጠቅለያና የሕፃን ድሪቶ ላይ ይህ ሁሉ የውበት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። የተንጠለጠለ ክር የሕፃን ጣት ወይም የእግር ጣት ላይ ሊጠመጠም ይችላል፤ ሲጠብቅ ደም ይከለክላል፣ ጣቱ ያብጣል፣ እብጠቱ ክሩን ይሸፍነዋል። ሕፃኑ ያለ ምክንያት የሚያለቅስ ሲመስል ጣቶቹ ሁሉ አንድ በአንድ ይታዩ፤ ያበጠ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ጣት ካለ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ነው። ለሕፃን የሚሰፋ ነገር ውስጡ ተገልብጦ በጣት ይዳሰስ፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ጭራም ቀለበትም አይኑርበት። መርፌም ይቆጠር፤ የተሰበረ የመርፌ ጫፍ ካልተገኘ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ በወጣ ማግኔት ድሪቶው በሁለቱም ፊት ይዳሰስ።

አሁን የምንጠይቀውን እንናገር። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቆመባት፣ ዛሬም በዩኒቨርሲቲዋ ሥር የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለባት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ጥሩ ወረንጦና ቀጭን ኪሮሽ ለአንድ ሰፊ ብርቅ ሊሆንበት አይገባም። የብረት ሥራ የሚያውቁ ወጣቶች ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው፤ ኢንስቲትዩቱ ልኩንና ናሙናውን ቢያሳያቸው ደስ ይለናል። የስፌት ማሠልጠኛዎችም ክር መልቀምን እንደ መጥረጊያ ሥራ ለታናሹ ልጅ ከመተው ይልቅ የራሱ ሰዓትና የራሱ ፈተና ያለው ትምህርት ያድርጉት። ደንበኞች ደግሞ ድሪቶ ስታሠሩ "ክሩ ተለቅሞ፣ ጭራው ተቀብሮ" ብላችሁ ተዋዋሉ፤ ለዚያች 40 ደቂቃም ክፈሉ። ሰፊው የሚቸኩለው ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

የተለቀመው ክር መሬት ላይ አይጣል። ጥጡ ለብቻ፣ ፖሊስተሩ ለብቻ በቆርቆሮ ይጠራቀም፤ የጥጡ ለመርፌ መሰኪያ ትራስ ሙሌት ይሆናል፣ ወይም ከአፈር ጋር ይበሰብሳል። ፖሊስተሩ አይበሰብስም። በጎርፍ ተጠርጎ ሐይቁ ዳር ከደረሰ ደንገሉ ላይ ይጠመጠማል፣ የወፎችን እግር ያስራል፤ ስለዚህ ባጭሩ ተቆራርጦ በቆሻሻ ከረጢት ይውጣ።

ከሰላምታ ጋር፣
በስፌትና በሽመና ሥራ ላይ ያለን፣
ከባሕር ዳር